ደላላው የማን ሰው ነው? የ160 ሺህ ብር ጥያቄ

ከሃያ ሁለት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በቤት ድለላ ሥራ አሥራ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ፈቃድ አውጥቼ፣ ግብር እየከፈልሁ፣ ሁለት ልጆች አሳድጌበታለሁ። ዛሬ የምጽፈው ቤት ለማስተዋወቅ አይደለም። አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ የጠየቀኝን ጥያቄ በቅጡ መመለስ ስላቃተኝ ነው።

አያት አካባቢ ቤታቸውን የሚሸጡ አንድ አባት አሉ። «እጄ ላይ ይህን ያህል ከገባልኝ ይበቃኛል» ብለው ዋጋ ቆርጠዋል። ወጣቱ ያገኘው ገዢ ቤቱን በጣም ስለወደደው ከተቆረጠው ዋጋ በላይ ለመክፈል ተዘጋጅቷል። ወጣቱ እንዲህ አለኝ፦ «ልዩነቱን እኛ እንውሰደው። ሻጩ የፈለጉትን አገኙ፤ ገዢው የፈቀደውን ከፈለ። ማን ተጎዳ?»

አይሆንም አልሁት። ለምን እንደማይሆን ልነግረው ስል ግን አንደበቴ ተሳሰረ፤ ያንኑ ነገር እኔ ራሴ አድርጌዋለሁና።

በ2010 ዓ.ም. ነው። ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እህት ጀሞ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነበራት። በዕጣ የደረሳት ቤት ነው፤ የአምስት ዓመቱ የመሸጥ ክልከላ አልፎለታል። መምጣት ስላልቻለች በቆንስላው በኩል ውክልና ላከች። ተወካዩ የእኔ የሥራ ሸሪክ ነበር። በስልክ «900 ሺህ ካገኘሁ ይበቃኛል» አለችን። ገዢው 1 ሚሊዮን 60 ሺህ ብር ከፈለ። 900 ሺውን ላክንላት። 160 ሺውን እኔና ሸሪኬ እኩል ተካፈልን፤ በዚያ ላይ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽናችንን ተቀበልን።

እንዴት ሳይታወቅ ቀረ ትሉኝ ይሆናል። ውልና ማስረጃ ቀርቦ የተፈረመው ውል ላይ የሰፈረው ዋጋ ከሁለቱም ቁጥር ያነሰ ነበር፤ የግብሩና የስም ማዛወሪያው ወጪ እንዲቀንስ ተብሎ። ወረቀቱ እውነቱን ስለማይናገር ወረቀቱን አይቶ የሚጠይቀን ሰው አልነበረም። ገዢው የሚያውቀው የከፈለውን ነው፤ እሷ የምታውቀው የደረሳትን ነው። ሁለቱንም ቁጥር የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን።

ገንዘቡ የደረሳት ቀን ደውላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንደ ወንድም ነው ያገዛችሁኝ» አለችኝ። ይህ ቃል ስንት ዓመት አብሮኝ አለ።

ለወጣቱ ምን ብዬ ልመልስለት?


የሰሚት ገዢ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ስርቆት ነው ብለህ መልስለት። «ማን ተጎዳ?» ለሚለው ደግሞ ጀሞ የነበራትን ልጅ ታሪክ ንገረው። በሰው አገር የሰው ልብስ እያጠበች የገዛችው ቤት ነው።


ጎሮ አሻሻጭ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድሜ ከሃያ ሁለት፣ እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ያደረግኸው ነገር ልክ ነው አልልህም። ነገር ግን እዚህ የሚጽፉ ሰዎች የእኛን ኑሮ ሳያውቁ እንዳይፈርዱ ጥቂት ልበል።

አንድ ባለቤት ቤቱን ለስንት ደላላ እንደሚሰጥ ታውቃለህ። ለአሥርም ለአሥራ አምስትም ይሰጣል። እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቴሌግራም ላይ አወጣለሁ፣ በራሴ መኪናና በራሴ ነዳጅ ሰው አመላልሳለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ባልና ሚስት ስድስት ቅዳሜ ቤት ሳሳያቸው ከረምሁ። ስድስተኛው ላይ አንዱን ወደዱት። ቤቱ ውስጥ ሆነው ከባለቤቱ ጋር ስልክ ተለዋወጡ፤ በሦስተኛው ቀን «ሐሳባችንን ቀይረናል» አሉኝ። ሁለት ወር ቆይቼ በዚያ ሰፈር ሳልፍ መጋረጃ ሲሰቅሉ አየኋቸው። ማንን ልክሰስ? በእጄ ያለ አንድም ወረቀት የለም።

በአብዛኛው የምንስማማው ከየወገኑ ሁለት በመቶ ነው። ስም ተዛውሮ ገንዘቡ እጃቸው ከገባ በኋላ ግን «እንዴ፣ ለአንድ ስልክ ጥሪ ይህን ሁሉ?» ይባላል። ጽድቅ አይደለም፤ ግን ልዩነቱን መያዝ የተጀመረው እንዲህ እየተካደ ነው። ደላላው ድርሻውን ቀድሞ በጓሮ ካልያዘ ማታ ባዶ እጁን ይገባል።

ሌላም ላክል። ባለቤቱ ራሱ «ከዚህ በላይ ያመጣኸው የራስህ ነው» ካለ ምኑ ላይ ነው ስርቆቱ? ቃሉን የሰጠው እሱ ነው።


የደብረ ብርሃን ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

አባቴ የከብት ደላላ ነበር። በልጅነቴ ገበያ አብሬው እወርድ ነበር። የሻጩን እጅ በቀኙ፣ የገዢውን እጅ በግራው ይዞ፣ «ጨምር! አንተም ቀንስ!» እያለ እስኪጨባበጡ ድረስ ይጎትታቸዋል። ከቧቸው የቆመው ሰው ሁሉ ዋጋውን ይሰማል። ገንዘቡ በሻጩ መዳፍ ላይ ይቆጠራል፤ ከዚያ ሁለቱም የድለላውን ይሰጡታል። አባቴ ይዋሽ ነበር፤ በሬው ስምንት ዓመት ሲሞላው ስድስት ነው ይል ነበር፤ አልደብቅም። ሁለት ዋጋ ግን ሊናገር አይችልም። ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመዋላ።

ቤት ሻጭና ቤት ገዢ ዛሬ ፊት ለፊት የሚቆሙት መቼ ነው?


ጠበቃ በሥራ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

የደብረ ብርሃን ልጅ የጠየቀው ጥያቄ ወደ ጉዳዩ ሥር ያስገባናል።

ሁለት ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ነው። አንደኛው ማገናኘት ነው። ሻጭና ገዢን ታገናኛለህ፤ ይደራደራሉ፤ ላገናኘህበት ይከፈልሃል። በዚህ ጊዜ የማንም ወገን አይደለህም፤ ሁለቱም እስካወቁ ድረስ ከሁለቱም መቀበልህ ነውር የለውም። ሁለተኛው ውክልና ነው። «ቤትሽን እኔ ልሽጥልሽ፣ በስምሽ ልፈርም» ያልህ ዕለት የእሷ ሰው ሆነሃል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ይህን በግልጽ ተናግሯል። በቁጥር 2208 ተወካዩ ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆን አለበት ይላል። ቁጥር 2209 ደግሞ ተወካዩ ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራ፣ ወካዩ ሳያውቅም በውክልናው ከሚፈጽመው ጉዳይ ምንም ጥቅም እንዳያገኝ ያዛል። ስለዚህ የጀሞው 160 ሺህ ብር የልጅቷ ገንዘብ ነው። ክርክር የለበትም።

ጎሮ አሻሻጭ «ባለቤቱ ራሱ ከፈቀደስ?» ላልኸው፦ ሕጉ «ወካዩ ሳያውቅ» ነው የሚለው። የአያቱ አባት አንድ ሰው ከዋጋቸው በላይ ሊከፍል መቆሙን ሰምተው፣ መጠኑንም ሰምተው «ውሰዱት፣ ደክማችኋል» ካሉ ስጦታ ነው። ሳይሰሙ «በቃኝ» ማለታቸው ግን ፈቃድ አይደለም። ሰው የማያውቀውን ገንዘብ ሊተው አይችልም።

ውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍን በተመለከተ ሰዎች የሚያስቡት መንግሥትን እንጂ ራሳቸውን አይደለም። ቢሮዬ የመጣ አንድ ገዢ ነበር። ቤቱ ላይ የወራሾች ክርክር ተነሥቶ ውሉ ፈረሰ። ገንዘቤ ይመለስ ሲል በሰነድ ማስረዳት የቻለው የተጻፈውን ብቻ ነበር፤ የከፈለውን ሲሶ እንኳ አይሞላም። «አሳንሰን እንጻፍ» የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው ደላላው ነው። ከሃያ ሁለት ዛሬ እንደነገረን፣ ያ ሐሳብ ለደላላው መሸፈኛም ይሆናል።

የተካዱት ስድስት ቅዳሜዎችህ ግን እውነተኛ በደል ናቸው፤ አላቃልላቸውም። መድኃኒታቸው ቤት ከማሳየትህ በፊት የምታስፈርመው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።


ተከራይ ከገርጂ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ሽያጭ ነው። ቤት የሚገዛው ስንቱ ነው? አብዛኞቻችን ተከራዮች ነን፤ ደላላን የምናውቀው በኪራይ ነው።

በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ቤት ለቅቄአለሁ። ሁለተኛውን ቤት ያገኘልኝ ደላላ በጣም ትሁት ሰው ነበር። ልጆቼን በስማቸው ይጠራል፤ ለበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል። በስምንተኛው ወር አከራይዋ መጥተው ኪራዩ ይጨመር፣ ካልሆነ ልቀቂ አሉኝ። በኋላ እያለቀሱ ነገሩኝ፤ እሳቸውም ክፉ ሴት አይደሉም። «እዚህ ሰፈር ቤት በዚህ ዋጋ እየወጣ ነው፤ እርስዎ ተታልለዋል፤ ሌላ ተከራይ አመጣለሁ» ያላቸው ያው ደላላ ነው። እኔ ስወጣ ከሚገባው ሰው አዲስ ኮሚሽን ያገኛል። እኔም ሌላ ቤት ስፈልግ ከእኔ ያገኛል። እርጋታዬ ለእሱ ኪሳራ ነበር ማለት ነው። ልጄ በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ቀየረች።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፤ ውሉም መመዝገብ አለበት። አዋጁን ሳነበው ለእኔ የተጻፈ ነበር የመሰለኝ። ሦስተኛውን ቤት ስከራይ ግን ሌላ ደላላ ምን አለኝ? «ለምዝገባ የሚቀርበው ዋጋ ይህ ነው፤ የምትከፍዪው ግን ያኛው ነው፤ ቀሪውን በእጅ ትሰጪያለሽ።» ስድስት ወር በቅድሚያም ከፈልሁ። ልጆች ይዤ ምን ላድርግ? ነገ ብካሰስ ወረቀቱ የሚመሰክረው በእኔ ላይ ነው። ጠበቃው ስለ ሽያጭ የተናገሩት ነገር ኪራይ ውስጥም እንዳለ ታዝባችሁልኛል?

ለደላሎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮሚሽኑን የምከፍለው እኔ ሆኜ፣ የምትሠሩት ለማን ነው?


ሲልቨር ስፕሪንግ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡10

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ ፈቃድ ያለኝ የቤት ሽያጭ ወኪል ነኝ፤ ደንበኞቼ በብዛት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ናቸው። ተከራይ ከገርጂ የጠየቀችው «ለማን?» የሚለው ጥያቄ እዚህ በሕግ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ፈቃድ ለማግኘት 60 ሰዓት ተምሬ ተፈትኛለሁ። ከተማርሁት ሁሉ የከበደኝ ይኸው ጥያቄ ነበር፤ ባደግሁበት አገር ደላላ የሁሉም ሰው ነዋ።

በሜሪላንድ አንድ ወኪል በአንድ ሽያጭ ላይ ሻጩንም ገዢውንም ሊወክል አይችልም። ሁለቱም ወደ አንድ ድርጅት ቢመጡ እንኳ ሁለቱ በጽሑፍ ከተስማሙ በኋላ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ሰው ይመደባል። ቀብዱን እኔ አልነካውም፤ ለዚሁ በተከፈተ የአደራ ሒሳብ ይቀመጣል። የዋጋ ሐሳብ ሲመጣልኝ የሻጩ ወኪል ከሆንሁ ለሻጩ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው፤ ደብቄ ብገኝ ፈቃዴን አጣለሁ።

አሜሪካ የመላእክት አገር ነው እያልሁ አይደለም። የቤት ሽያጭ ወኪሎች የሚሰባሰቡበት ብሔራዊ የሪልተሮች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንቡን ያጸደቀው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በሚዙሪ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከተራ ዜጎች የተሰየመ የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ማኅበሩና ትልልቅ ድርጅቶች ኮሚሽን እንዳይወርድ ተመሳጥረዋል ብሎ ወሰነባቸው። በተከታዩ ዓመት ማኅበሩ 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የማኅበሩ አባላት ለገዢ ቤት ከማሳየታቸው በፊት ክፍያቸውን የሚገልጽ ውል በጽሑፍ ማስፈረም ግዴታ ሆነባቸው። እዚህም ችግሩ ማን ለማን፣ ስንት እንደሚከፍል በግልጽ አለመታወቁ ነበር።

አሁን ስለ እኛ ሰው ልንገራችሁ፤ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አንድ የአገሬ ልጅ በቤተ ክርስቲያን አውቆኝ ይመጣና ውሉን ሳዘረጋለት «ምን ያስፈልጋል? አንተ እኮ የእኛው ነህ» ይለኛል። ሳያነብ ይፈርማል። አንድ ጊዜ ሆን ብዬ ቅጹን ከፊቱ ወስጄ «አንብበህ ነገ መልስልኝ» ስለው ተቀየመኝ። ሌላው ደግሞ «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ምረጥልኝ» ይላል። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የመኖሪያ ቤት ሕግ ሰውን በዘሩና በትውልድ አገሩ እየለየሁ ወደ ሰፈር እንድመራ አይፈቅድልኝም። ይህን ሳስረዳው ልረዳው ያልፈለግሁ ይመስለዋል። እምነቱን ሳየው እፈራለሁ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ያንን እምነት ምን ሊያደርግበት እንደሚችል አውቃለሁና።


ጎሮ አሻሻጭ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ጠበቃው ያሉትን ተቀብያለሁ። ሰው የማያውቀውን ሊተው አይችልም፤ ይህን እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም። ለተከራይ ከገርጂ የምሰጠው መልስ የለኝም። አከራይን ዋጋ ጨምር ብዬ አነሣሥቼ አውቃለሁ። ሰው ቤት ውስጥ ልጆች እንዳሉ እያወቅሁ ነው።

ወረቀቱን ባስፈርም ሰው ይሸሸኛል ብዬ እፈራለሁ። በሰፈራችን የሚያስፈርም ማንም የለም።


ከኩዌት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡45

ይህን የውይይት ክር ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔ የጀሞዋ ልጅ አይደለሁም፤ እኔ የነበረኝ ቤት አዳማ ነው፤ የሸጠልኝም የአጎቴ ልጅ ነው። ነገሩ ግን አንድ ነው። በስንት እንደተሸጠ እስከ ዛሬ አላውቅም። የደረሰኝን አውቃለሁ።

ስለ ድለላ ሕግ የማውቀው ነገር የለም። ስለ ገንዘቡ ግን ልንገራችሁ። በ2010 ዓ.ም. 160 ሺህ ብር ከ20 ሺህ ድርሃም በላይ ነበር። የቤት ሠራተኛ በወር አንድ ሺህ ድርሃም ብታገኝ፣ አንድም ሳንቲም ሳትበላ የሃያ ወር ደመወዝ ነው። የሃያ ወር ሥራ ማለት ሌሊት አሥር ሰዓት መነሣት፣ እሑድን አለማወቅ፣ እናት ስትታመም በስልክ ማልቀስ ነው። ልጅቷ «900 ሺህ ይበቃኛል» ያለችው ቤቱ ያን ያህል ብቻ ያወጣል ብላ ነው። ዋጋውን የነገራት ማን ነው? እናንተ ናችሁ። እዚህ ሆነን ገበያውን የምናየው በወኪሎቻችን ዓይን ነው።

ወንድሜ ከሃያ ሁለት፣ እስካሁን ሁሉም ሰው ለወጣቱ ምን ብለህ እንደምትመልስ ነግሮሃል። እኔ ሌላ ልጠይቅህ። ገንዘቡን መለስህላት?


ከሃያ ሁለት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡20

እህቴ ከኩዌት፣ አልመለስሁም ነበር። ጥያቄሽን ካነበብሁ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

ስልኳ አልጠፋብኝም፤ ተቀምጦ ነበር። ትናንት ደወልሁ። አሁንም ዱባይ ናት። ማን እንደሆንሁ ስነግራት ደስ አላት፤ «ሰው ልኮልህ ነው?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኋት፦ ገዢው የከፈለውን፣ እኛ የያዝነውን፣ ውሉ ላይ የተጻፈውን። ብዙ ዝም አለች። መሥመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ። ከዚያ «ስንት ነበር አልከኝ?» አለች። ደገምሁላት። «ሸሪክህስ?» አለች። ከአምስት ዓመት በፊት ከሥራው ወጥቷል፤ አነጋግሬው «ያለፈ ነገር ነው» ብሎኛል፤ ይህንንም ነገርኋት። «ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ዘጋችው። ይቅርታ አድርጌልሃለሁም አላለችም፣ ተሳደበችም አልልም።

ድርሻዬ 80 ሺህ ነበር። እኔ ግን 160ውንም እከፍላለሁ፤ ውክልናው በሸሪኬ ስም ቢሆንም ያመነችው እኔን ነበር። አንድ ነገር አሁንም ይከብደኛል። በዚያን ጊዜ የነበረው 160 ሺህ ብር ዛሬ የሚገዛው ድርሃም ከሩብ በታች ነው። ብሩን ብቻ ብመልስ የመለስሁት ምኑን ነው? እንደ ድርሃሙ ልክፈል ብል በአንድ ጊዜ አቅሜ አይደርስም፤ በየወሩ ግን እችላለሁ።

ለወጣቱ ይህን ክር አሳየሁት። ትናንት አብረን አያት ሄድን፤ ለአባትየው የገዢውን ዋጋ በገዢው ፊት ነገርናቸው። ተደሰቱ። ከተባለው ኮሚሽን በላይ አምስት ሳንቲም አልጨመሩልንም፤ ወጣቱ በመኪና ውስጥ እስክንመለስ አልተናገረም።

ጠበቃችን፣ የአንድ ገጹን ወረቀት ረቂቅ ቢለጥፉልን ጎሮ አሻሻጭም እኔም እንጠቀምበታለን።


ጠበቃ በሥራ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡00

ነገ ጠዋት እለጥፈዋለሁ። አራት መሥመር ይበቃል፦ የምትሠራው ለማን እንደሆነ፣ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው፣ ከሌላው ወገንም የምትቀበል መሆን አለመሆንህ፣ የቀረበልህን ዋጋ ሁሉ ለደንበኛህ እንደምታሳውቅ።


ከኩዌት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡25

ድርሃሙን አስላላት። በየወሩም ይሁን፣ ትጠብቅሃለች። ግን በሰው እጅ አትላክ፤ በባንክ ላክላት። ለምን እንደላክህም በደረሰኙ ላይ ጻፍ። ስለ ቤቷ አንድ እውነተኛ ወረቀት በእጇ ይኑራት።